በቢላ የማይቆረጥ ዳቦ

ቨርዲ ጌይሃርት ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ ስታዘጋጅ ኖራለች። የምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች ሕዝብ ልማድና እምነት በፊደል ተራ የሚገባበት ትልቅ መዝገብ ነው፤ ሕፃን ሲወለድ ምን ይደረጋል፣ ላም ስትነጥፍ ምን ይባላል፣ ኪንታሮት በምን ይለቃል፣ ሰው የሞተበት ቤት ሰዓቱ ለምን ይቆማል። የምትሠራው በትንሹ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ መዝገቡ ግን የሚኖረው ቤቷ፣ በጫማ ካርቶኖች ውስጥ ነው። ካርቶኖቹ ከመኝታ ቤት ተነሥተው ሳሎኑን ከያዙ በኋላ አሁን የወጥ ቤቱ ደጃፍ ደርሰዋል። ዘጠኝ ሺህ ካርድ ይሆናል። በእያንዳንዱ ላይ ልማዱ፣ የተናገረው ሰው ስምና ዕድሜ፣ ሸለቆው፣ ቀኑ፣ የሰበሰበውም ሰው ስም ተጽፏል።

የሰፈሩ ሰው ያሾፍባታል። ፖስተኛው ደብዳቤ ባመጣ ቁጥር፣ "ቨርዲ፣ የኔን ቃል ከጻፍሽ ሦስት ፕሬዚዳንት አለፈ እኮ። መጽሐፍሽ ሳይወጣ እኔው ራሴ የጥንት ልማድ ልሆን ነው" ይላታል።

"ሆነሃል እንጂ። ካርቶን ቁጥር አርባ ውስጥ ራስህን ፈልግ" ትለዋለች፤ ደብዳቤዋንም ተቀብላ ትገባለች።

አንድ የማትጥሰው ሕግ አላት። አንድ አፍ ምስክር አይሆንም። አንድ ልማድ መጽሐፉ ውስጥ እንዲገባ እርስ በርስ ያልተመካከሩ፣ አንዱ ከሌላው ያልሰማ ሁለት ሰዎች ሊናገሩት ይገባል። ሁለተኛ ምስክር ያላገኘው ሁሉ "ባለ አንድ አፍ" ተብሎ በተጻፈባቸው ካርቶኖች ውስጥ ይጠብቃል። እዚያ ውስጥ ሃያ ዓመት የጠበቀ ካርድ አለ። ከሩቅ ያሉ ምሁራን ይህን ሕጓን ያደንቁላታል። ከየት እንዳመጣችው የጠየቃት ግን አልነበረም።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ከተራራው ማዶ ልማድ ከምትሰበስብላት አንዲት መምህርት አራት ካርዶች በፖስታ መጡላት። ሁለቱን አንብባ በየፊደላቸው አስቀመጠች። ሦስተኛውን አነበበችና ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

"ከቀብር ሲመለሱ በሟች ቤት የሚጋገረው የመጀመሪያ የበቆሎ ዳቦ በቢላ አይቆረጥም። በእጅ ይገመሳል። የመጀመሪያው ቁራሽ ከሟቹ ጋር እንደተኳረፈ ለቀረው ሰው ይሰጣል። ተናጋሪ፦ ወይዘሮ ኦፋ ስሎን፣ ሰባ አንድ ዓመት።"

ተነሥታ ከባለ አንድ አፍ ካርቶኖች አንዱን ከፈተች። መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ጣቷ ቦታውን ያውቀዋል። ጠርዙ የበለዘ ካርድ አወጣች። ቃሉ ከሞላ ጎደል ያው ነበር። ተናጋሪ፦ አርሚንታ ጌይሃርት፣ ሰባ ስምንት ዓመት። ሰብሳቢ፦ ቨርዲ ጌይሃርት።

አርሚንታ አያቷ ነበረች። እንዲህ ያለ ቃል ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ የሆነው ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ቨርዲ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ሳለች ነው። መምህሯ ዶክተር ሊንውድ ክሬስ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤተሰቡ አሥር ልማድ ሰብስቦ እንዲያመጣ አዘዙ። ቨርዲ አያቷ ዘንድ ሄደች። አያቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለክረምት የሚደርቀውን ፎሶሊያ በክር ትሰካ ነበር።

"ኮሌጅ የላክንሽ ልትማሪ ነው ወይስ የኔን አፍ ለሰው ልትሰጪ?" አለቻት።

"አሥር ነገር ብቻ እኮ ነው፣ እማ።"

"አሥሩን ጽፈሽ ለማያውቁኝ ሰዎች ልታሳዪ። እነሱም 'እነዚህ የተራራ ሰዎች' እያሉ ሊሳለቁብን። አልናገርም።"

"ግትር አሮጊት ነሽ። ይዘሽው ልትቀበሪ ነው?"

"ይዤው ነው የምቀበረው።"

ቨርዲ የአጥሩን በር በኃይል ዘግታ ሄደች። በአራተኛው ቀን አያቷ ሞተች።

ከቀብር ሲመለሱ አክስቷ የበቆሎ ዳቦ ከነመጥበሻው አቀረበች፣ በቢላ ቆራረጠች፣ ለሁሉም አደለች። ስለ ጥሉ ሁሉም ሰምቷል። አንድም ሰው ምንም አላላትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ድርሻዋን ሳትነካ ወደ ኮሌጅ ተመለሰች። ከጎረቤት የለቃቀመቻቸው ዘጠኝ ካርዶች ነበሯት። አሥረኛውን በታይፕራይተር ፊት ቁጭ ብላ ፈጠረችው። በዚያ ቀን አንድ ሰው ቢያደርግላት የምትመኘውን ነገር እንደ ጥንት ልማድ አድርጋ ጻፈች፤ ተናጋሪ በሚለው ቦታም እምቢ ብላ የሞተችውን ሴት ስም አስገባች።

ዶክተር ክሬስ ካርዱን ለክፍሉ ሲያነቡ ድምፃቸው ዝቅ አለ። በሚቀጥለው ዓመት በእሱ ላይ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ፤ ከጻፉት ሁሉ የታወቁበት እሱ ሆነ። ቨርዲ ልትነግራቸው አስባ አንድ ዓመት አሳለፈች። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። ነገር ሲያድር እንደ ድንጋይ ነው፤ ባደረ ቁጥር ወደ አፈሩ ይሰምጣል፣ ለማንሣትም ይከብዳል። የራሷን መዝገብ ስትጀምር ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ከማንኛውም ሥራ በፊት፣ ያን የሁለት ምስክር ሕግ አወጣች። ሰው ጥንቃቄ ይለዋል እንጂ ለዚያ ካርድ ያሠራችው እስር ቤት ነበር። ካርዱም ሃያ ሦስት ዓመት በእስሩ ጸጥ ብሎ ኖረ።

አሁን ሁለተኛ ምስክር መጣለት። በገዛ ሕጓ መፈታቱ ነው።

ቅዳሜ መኪናዋን አስነሥታ ተራራውን ተሻገረች። ኦፋ ስሎን በረንዳቸው ላይ ፖም ይልጡ ነበር። ልጣጩን ሳይበጥሱ እንደ ጥብጣብ ያወርዱታል።

"የመጽሐፏ ሴትዮ አንቺ ነሽ? ቀጭን ነሽ። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ወፍራም ይመስለኝ ነበር።"

"አልጨረስኩትም እኮ፣ እማማ ኦፋ። ስጨርስ እወፍራለሁ።"

ሳቁ፤ ቢላም ሰጧት። እየላጠች ስለ ዳቦው ጠየቀቻቸው።

"እሱማ ጥንት ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ።"

"እናትዎ ሲሞቱ ተደርጓል?"

"እናቴ ስትሞትማ..." አሰቡ። "አይ፣ ያኔ አልተደረገም።"

"አባትዎ ሲሞቱስ?"

"የአባቴ ለየት ይላል። እሱ ያልተኳረፈው ሰው ስላልነበረ ዳቦው አይበቃም ነበር።"

"ታዲያ መቼ ነው የጀመራችሁት?"

"አንቺ ደግሞ እንደ ዳኛ ትጠይቂያለሽ። ወንድም ታልማጅ ሰባኪያችን ሆኖ ከመጣ ወዲህ ነው።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"አሥራ አራት።"

"ጥንት አሉኝ እኮ።"

"ጉልበቴን ብትጠይቂው አሥራ አራት ዓመት ጥንት መሆኑን ይነግርሽ ነበር።" አንድ ፖም አነሡ። "ወንድም ታልማጅ ከቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ላይ ነው ያነበበልን። አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር የኛ ሰዎች ድሮ እንዲህ ያደርጉ ነበር ብሎ ጽፏል። እኛ ረስተነው ነው እንጂ የኛው ነው አለን።"

ቨርዲ ትከሻዋ ላይ የነበረ ነገር ሲወርድ ተሰማት። ሁለተኛው አፍ የራሷ አፍ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የጻፈችው ቃል በዶክተር ክሬስ ብዕር፣ በጋዜጣ፣ በሰባኪ አልፎ ተራራውን ዞሮ ነው የተመለሰላት። እንዲህ ያለው እንደ ሁለት ምስክር አይቆጠርም። ካርዱ ወደ እስሩ ይመለሳል፤ ማንም ሳያውቅ እሷም ትሞታለች። ማስታወሻዋን አጠፈች።

"ኤስቲልን ሳትጽፊ ነው የዘጋሽው?" አሉ ኦፋ።

"ኤስቲል ማን ነው?"

"የባሌ የከርሚት ታናሽ ነው። በአንድ የአደን ውሻ ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ውሻው እንኳ ሞቶ ነበር። ከርሚትን የቀበርን ቀን ኤስቲል መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ ኮፍያውን ይዞ። አይገባ፣ አይሄድ። እኔ ዳቦውን ትኩሱን ገመስኩ፤ እጄን እየፈጀኝ ወጥቼ ሰጠሁት። ዓይኔን አላየም። እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ አኘከ። ከዚያ 'መጥረቢያው የት ነው?' አለኝ። ይኸው ስምንት ክረምት ማገዶዬን የሚፈልጥልኝ እሱ ነው።" ልጣጩ ሳይበጠስ ጭናቸው ላይ ወረደ። "ጥንት ባይሆን እንዲህ ይሠራ ነበር?"

ቨርዲ ማስታወሻዋን እንደገና ከፍታ ጻፈች።

ስትመለስ ተራራው አናት ላይ መኪናዋን አቆመች። ሸለቆው በቀይና በቢጫ ቅጠል ተሞልቷል፤ ከታች የከሰል ባቡር ፉጨት ይሰማል። ልማድ የሚባለው ሁሉ አንድ ቀን ከአንድ አፍ ወጥቷል። በሟች ቤት ሰዓትን መጀመሪያ ያቆመው ሰው ማንን ምስክር ጠርቶ ነበር? ልዩነቱ ያኛው ሰው መረሳቱ ነው፤ ይህችኛዋ ግን በሕይወት አለች፣ ስሟም በካርድ ላይ ተጽፏል። ካርዱን ብትጥለው ኤስቲል ያኘከው ዳቦ ከመዝገብ ይጠፋል። እንዲሁ ብታስገባው ደግሞ በአያቷ ስም ሁለተኛ ጊዜ መዋሸቷ ነው። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ሞተሩን አስነሣች።

ዶክተር ክሬስ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከኮሌጁ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የመጽሐፏን መቅድም እየጻፉ ነበር፤ አሳታሚውም መዝገቡን የተቀበለው እሳቸው መቅድም ይጽፋሉ ስለተባለ ነው። ቨርዲ ኮቷን ሳታወልቅ ሁሉንም ነገረቻቸው። መጨረሻ ላይም፣ "እውነቱን ከነልደቱ አስገባዋለሁ፤ ከመታተሙ በፊት ከእኔ እንዲሰሙ ብዬ ነው የመጣሁት" አለች።

ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "ሠላሳ ዓመት" አሉ።

"ሃያ ዘጠኝ።"

"ይሄን ታርሚያለሽ፤ ያንን ግን ዋሸሽ።"

"አዎ።"

"በገዛ ሕግሽ ወድቋል እኮ። ለምን አትጥይውም?"

"ሕጉ መጽሐፉ ውስጥ የሚገባውን ነው የሚለይልኝ፣ ዶክተር። የምደብቀውን እንዲመርጥልኝ አላወጣሁትም።"

"ስሚኝ ልጄ። በርሜል ሙሉ ፖም ይዘሽ ገበያ ወጥተሻል። አንዱ በስብሷል ብለሽ ራስሽ ከጮኽሽ የቀረውን ማን ይገዛሻል?"

"የበሰበሰውን አውጥታ ካሳየች ሻጭ እገዛለሁ፤ እኔ ብሆን።"

"አንቺ ብትሆኚ!" መነጽራቸውን አወለቁ። "ለአንቺ ቀላል ነው። የምትናዘዢው የራስሽን ኃጢአት ነው፤ የሚዋረደው ግን የኔ ስም ነው። ከጻፍኩት ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ብቻ ነው።"

ይህ እውነት ነበር። ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ይቅርታውን በተሳሳተ አድራሻ እንደመጣ ደብዳቤ ሳይከፍቱ መለሱት።

"መቅድሙን አልጽፍም" አሉ።

"እንዳሉት ይሁን።"

"ስትወጪ በሩን ዝጊው። ብርድ ነው።"

አሳታሚው ነገሩን እንደሰማ ጻፈላት። ያለ መቅድም ጉዳዩ በጸደይ እንደገና ይታያል፣ አጠራጣሪውን ካርድ ብታወጣው ግን ነገሩ ይቀላል ይላል። የመለሰችው በአንድ መስመር ነበር፦ ወይ ከነካርዱ ይታተማል ወይ ይቀራል። ከዚያ ማንም ያላዘዛትን ሥራ ጀመረች። "የቀረውን ማን ይገዛሻል?" የተባለውን ጥያቄ በቃል ልትመልሰው አልፈለገችም። ሰብሳቢ በሚለው ቦታ የራሷ ስም ያለበትን ካርድ ሁሉ አወጣች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ክረምቱን ሙሉ፣ በበረዶም በጭቃም፣ በየሸለቆው እየዞረች ተናጋሪዎቹን ወይም ልጆቻቸውን አገኘች። "ይህን ብለሻል? ማን ነገረሽ?" እያለች ጠየቀች። አንዳንዱ፣ "ቨርዲ፣ ዕድሜሽ ለመርሳት አልደረሰም፤ ምን ነካሽ?" አላት። አንዲት ሴት ለተናገሩት ቃል ሁለት ጊዜ ምሳ ማብላት ግፍ ነው ብላ እየተቆጣች ባቄላና አሬራ አቀረበችላት። አርባ አንዱን ካርድ የሚያረጋግጥላት ሰው አጣች። እየወደደቻቸው ከመጽሐፉ አወጣቻቸው።

ለዶክተር ክሬስም አራት ደብዳቤ ጻፈች። መልስ አልመጣም። በየካቲት መጀመሪያ ሞቱ።

ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆመች። ወደ ቤቱ ላለመሄድ አስባ ነበር፤ ከዚያ ኤስቲል ትዝ አላት፤ እሱ ቢያንስ አጥሩ ድረስ መጥቷል። ሄደች። ቤቱ ጎረቤት ባመጣው ምግብ ተሞልቷል፤ የአሳማ ሥጋ፣ ድንች፣ አምስት ዓይነት ኬክ። በመግቢያው በር አጠገብ ኮቷን እንደለበሰች ቆመች። ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ጎንበስ እያለ ሰላም ይላታል፤ እንደ አያቷ ቀብር ቀን ማንም ምንም አይልም።

የዶክተሩ ልጅ ሎይስ ከወጥ ቤት ወጣች። ሲንሲናቲ የምትኖር፣ በዕድሜ ከቨርዲ ጥቂት የምታንስ ሴት ናት። የብረት መጥበሻ በጨርቅ ይዛለች። መጥበሻውን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። አንዲት ጎረቤት ቢላ ልታቀብላት እጇን ዘረጋች፤ ሎይስ አልተቀበለችም። በጣቷ ጠርዙን ገመሰችና እፍ እያለችበት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያገላበጠች ክፍሉን አቋርጣ መጣች።

"አባቴ ስለ ካርዱ ነግሮኛል" አለች፣ ቨርዲ ፊት ቆማ።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ክረምቱን ሙሉ በስልክ ሲሰድብሽ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሞተ።"

ቨርዲ ቁራሹን አየች፤ እንፋሎት ይወጣዋል። "ሎይስ፣ ይሄ ልማድ አይደለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እያወቅሽ..."

"እዚህ ቤት ከሱ ጋር የተኳረፈ ሌላ ሰው የለም" አለች ሎይስ። "ያዢው፣ እጄ ተቃጠለ።"

ተቀበለችው። በላችው። ስኳር ነበረበት። በተራራው ሰው ዘንድ የበቆሎ ዳቦ ውስጥ ስኳር መጨመር ነውር ነው፤ ይህን የሚያደርጉት የከተማ ሰዎች ናቸው፤ አያቷ ብታየው ለአሳማ ትሰጠው ነበር። እስኪያልቅ ድረስ አኘከችው፤ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። ሲያልቅ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም። መጥረቢያ የሚጠየቅበት ቤት አልነበረም። ኮቷን አወለቀች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ወጥ ቤት ገብታ የተከመረውን ሳህን ማጠብ ጀመረች። ሎይስ ፎጣ ይዛ አጠገቧ ቆመች።

በሚያዝያ አሳታሚው መጽሐፉን እንደሚያወጣ ጻፈላት፤ በጥቂት ቅጂ፣ ያለ መቅድም፣ ከነካርዱ። ፖስተኛው፣ "እንግዲህ ልትወፍሪ ነው?" አላት፤ የኦፋ ወሬ ተራራውን ተሻግሮ ደርሶት ነበር።

"ዳቦ" በሚለው ቃል ሥር የገባው ጽሑፍ አጭር ነው። ልማዱን ይናገራል። የዚህ መዝገብ አዘጋጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እንደፈጠረችው፣ አርሚንታ ጌይሃርት እንዳልተናገረችው፣ ከዚያ በማን በኩል እንደተሰራጨ፣ በኦፋ ስሎን ቤት እንዴት እንደተፈጸመ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ከሥሩ እንደ ሌሎቹ ካርዶች የተሞላ የመጨረሻ ምስክርነት አለ። ተናጋሪ፦ ቨርዲ ጌይሃርት፣ አርባ ስምንት ዓመት። ሰብሳቢ፦ ያችው። በዶክተር ሊንውድ ክሬስ ቤት፣ በቀብራቸው ቀን፣ በልጃቸው እጅ ተፈጽሟል። ዳቦው በቢላ አልተቆረጠም። ስኳር ነበረበት።